ድርሰት ስትጽፉ፦ «ይጣራል ወይ?» በሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ተማሪዎች፦ ሐቅና አስተያየት ሲምታታባችሁ «ይህን ማጣራት ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ደሴ ጦሳ ተራራ ግርጌ ናት» ይጣራል። «ደሴን የሚያህል ውብ ከተማ የለም» አይጣራም። እኔ ብስማማም ያው አስተያየት ነው። «ኮምቦልቻ ከደሴ የበለጠ ደጋ ናት» ቢባልስ? ይጣራል፤ ሲጣራ ግን ውሸት ሆኖ ይገኛል። ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው፤ የሐቅ መልክ ያለው ሁሉ እውነት ይመስላቸዋል።

ምንጭ ላይ ደግሞ ጨከን በሉ። ጣሊያን በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ደብድቧል። ስለዚያ ስትጽፉ፣ ያነበባችሁትን ማን ጻፈው? መቼ? ቦታው ላይ ነበር ወይስ ሰምቶ ነው? የማን ወገን ነው? የወራሪው ጋዜጣና ቦምብ የወደቀበት ሰው አንድ ዓይነት ወሬ አያወሩም። ከአያት የተሰማ ትረካ የሕዝቡን ድንጋጤ ለማሳየት ወርቅ ነው፤ ለሟቾች ቁጥር ግን ሰነድ ፈልጉ። አስተያየታችሁንም ጻፉ፣ ማን ከለከላችሁ! ብቻ ከሥሩ የሚደግፈው ሐቅ አስቀምጡ።

ደግሞ አንድ ጽሑፍ አምስት የቴሌግራም ቻናል ላይ ስለተለጠፈ አምስት ምንጭ አይሆንም። ኮፒ ፔስት ነው፤ መጀመሪያ የጻፈውን ፈልጉ።