የቤንዚኑን አውርደህ የናፍጣ ሞተር ከመጫንህ በፊት፦ እኔ የከፈልኩባቸው ስህተቶች

ሰሞኑን ሶስት ሰው ስለዚሁ ነገር ጠየቀኝ፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ሁሉ ግቢ የቆመችውን አሮጌ ጂፕ እንደገና ማየት ጀምሯል፣ አልፈርድም፣ እኔም ያው ነኝ።

የኔዋ ላንድክሩዘር 60 ናት። ይዛው የመጣችው 2ኤፍ የሚባለውን 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበር፣ ጥሩ ሞተር ነው ክፉ አላወራበትም ግን ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ደርሶ መመለስ ራሱ ሂሳብ የሚያሰራ ነገር ሆነ። እና 1ኤችዜድ ጫንኩባት። እሱም 4.2 ሊትር ነው፣ እሱም ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ግን ናፍጣ፣ ያለ ቱርቦ ያለ ኮምፒውተር። በየገጠሩ የእርዳታ ድርጅት ሃርድቶፕ ላይ የምታዩት እሱ ስለሆነ ዕቃው ሶማሌ ተራ እንደ ሽንኩርት ነው። ሶስት ሳምንት ይበቃል ተባልኩ፣ አምስት ወር ፈጀ። የሚገርመው ሞተሩ ራሱ አንድ ቀን አላስቸገረኝም፣ ጣጣው ሁሉ በዙሪያው ያለው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ባዶ ሞተር መግዛት ነው። ደላላው በደንብ አድርጎ አጥቦ ዘይት ቀብቶ ያሳይሃል፣ ዋጋውም ደስ ይላል፣ አንተም ቶሎ ትጨብጣለህ። ቤት ስትደርስ ዲናሞ የለው፣ ሞተሪኖ (ማስነሻው) የለው፣ ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ዲስክ) የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ከካምቢዮ ጋር የሚያያዝበት ቆብ የለው። እኔ ያኔ "ችግር የለም፣ ቶርኖ ቤት አስፈልፍለን ከድሮው ካምቢዮ ጋር እናገናኘዋለን" ሲሉኝ እሺ አልኩ። ተፈለፈለ፣ ገጠመ፣ አማረ። ግን መሀሉን የፀጉር ያህል ስቶ ነበር፣ ያ ፀጉር ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ በላው፣ መጀመሪያ ፍሪሲዮን ስረግጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ነበር በኋላ ማርሽ አልገባ አለ። መጨረሻ ላይ ከ1ኤችዜድ ጋር የሚመጣውን አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከነቆቡ ገዛሁ፣ መጀመሪያ ከነካምቢዮው ብገዛው ኖሮ በብዙ ይረክስልኝ ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ከነካምቢዮው፣ ከነዲናሞው፣ ከነሞተሪኖው፣ ከተቻለም ከነገመዱ ግዛ፣ ሻጩ ለየብቻ ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ፣ ሶማሌ ተራ ሱቅ አልጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሞተሩ መሬት ላይ እያለ የታይሚንግ ቺንጋውን ቀይር። 1ኤችዜድ በቺንጋ ነው የሚሰራው፣ በየ100,000 ኪሎሜትር ይቀየራል ይባላል፣ የገዛኸው ሞተር ደግሞ ስንት እንደሄደ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የኋላውን የዘይት ሲልም አብረህ፣ በኋላ ለሱ ብለህ ካምቢዮ ማውረድ ያናድዳል።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ፣ ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ስሮትሉ (የአየሩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው) ስለሚያፍነው ኢንቴኩ፣ ማለትም የአየር ማስገቢያው፣ ውስጥ ቫኪዩም (የመምጠጥ ኃይል) ይፈጠራል፣ የፍሬኑ ሰርቮ የሚሰራው በዚያ ቫኪዩም ነው፣ ፍሬን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዝህ እሱ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን እንደዛ የሚያፍነው ስሮትል የለውም፣ አየሩን እንደልቡ ነው የሚስበው፣ ስለዚህ ኢንቴኩ ላይ የሚረባ ቫኪዩም የለም። 1ኤችዜድ ላይ ለዚህ ብሎ በሞተሩ የሚዞር ትንሽ የቫኪዩም ፖምፓ አለ። የኔ ሞተር ባዶ ስለመጣ ይሄ ፖምፓም አልነበረበትም፣ የሰርቮውን ቱቦ ደግሞ መካኒኩ እንደድሮው ኢንቴኩ ላይ ሰካው። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ስሞክረው ፍሬኑ ደርቋል፣ አየር ይዞ ይሆናል ነገ እናወጣዋለን ተባለ፣ እኔም ሞኝ ነኝ ጉልበቱን ልየው ብዬ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ ወጣሁ።

መውጣቱን ወጣች። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ረገጥኩ፣ ድንጋይ። በሁለት እግር ቆምኩበት ማለት ይቻላል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም፣ ከፊቴ እንጨት የተሸከሙ እናቶች አሉ፣ ጥሩንባ እየነፋሁ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ከዛ ወደ አንደኛ አወረድኩ፣ ሞተሩ እየጮኸ ያዘልኝ፣ ከዳር ከቆመ የአፈር ቁልል ጋር ተደግፌ ቆምኩ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። በማግስቱ የራሱን የቫኪዩም ፖምፓ ፈልጌ ገዛሁ። ስለዚህ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከግቢ ሳትወጣ ይሄን ሞክር፦ ሞተሩን አጥፍተህ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፣ ይደርቃል፣ እግርህን ሳታነሳ ሞተሩን አስነሳ፣ ፔዳሉ ትንሽ ወደታች ከወረደ ሰርቮው ይሰራል። ካልወረደ መኪናው የትም አይሄድም፣ መካኒኩ ምንም ይበል።

ሶስተኛው የቮልት ነገር ነው፣ አጭር ነው። አንዳንድ የናፍጣ ሞተር፣ በተለይ ከኮስተር ባስ የወጣ፣ ዲናሞውና ሞተሪኖው 24 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ያንተ መኪና ደግሞ 12 ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ጠርገህ አንብብ። ማሞቂያ ካንዴላዎቹም እንደዛው፣ ለ12 የተሰራን 24 ብትሰጠው ወዲያው ይቃጠላል፣ በተቃራኒው ደግሞ ጠዋት ብርድ ላይ አይነሳልህም። ባትሪም አትቆጥብ፣ የቤንዚኑ ሞተር አየሩን የሚያምቀው 8 ለ 1 አካባቢ ነበር፣ ይሄኛው ከ22 ለ 1 በላይ ነው፣ የድሮዋ ትንሽ ባትሪ አንዴ ታቃስትና በቃ።

አራተኛው የሚመጣው እዚህ አዲስ አበባ ስለምንኖር ነው፣ ብዙ ሰው የማይገባውም እሱ ነው። ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እንጦጦ አናቱ 3,000ን ያልፋል። አየሩ ከባህር ጠረፍ አንፃር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የናፍጣው ፖምፓ ግን ይሄን የሚያስተካክል ነገር ካልተገጠመለት ለጠረፍ የተለካለትን ናፍጣ መርጨቱን አይተውም፣ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ወረቀት ላይ 130 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የተባለው ሞተር እዚህ ወደ 100 ቢሰጥህ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ደከመብኝ ብዬ መካኒኩን "ናፍጣ ጨምርበት" አልኩት፣ የፖምፓዋን ብሎን አዞረ፣ ጉልበቱ ያው፣ ጭሱ ግን በቸርችል ጎዳና ስወጣ ከኋላዬ ያለው ሰው መስኮት ሲዘጋ በመስታወት አየዋለሁ። መፍትሄው ተቃራኒው ነው፣ ፖምፓና ኖዝል የሚያስተካክል ቤት ወስደህ እዚሁ ከፍታ ላይ ማስለካትና መቀነስ። ጉልበቱን ደግሞ ተወው፣ የናፍጣ ጥቅሙ ዝቅ ያለ ዙር ላይ መጎተቱ ነው፣ ሩጫ የፈለገ ሌላ መኪና ይግዛ።

ወይ ቱርቦ ይላሉ። ይቻላል፣ ለከፍታውም መድሃኒቱ እሱ ነው፣ ግን 1ኤችዜድ ሲሰራ ለቱርቦ ታስቦ አይደለም፣ ናፍጣው የሚቃጠለው መጀመሪያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ ነው፣ ሙቀቱ ሲበዛባት ቴስታታው ይሰነጠቃል ፒስተንም ይጎዳል። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ሳትገጥም ቱርቦ አስገጥመህ ናፍጣ አስጨምረህ አባይ በረሃን በጭነት ከወጣህ ሞተር እየገዛህ ነው ማለት ነው።

ቴርሞስታት ነቅሎ መጣልስ? ይሄ የኛ ሀገር በሽታ ነው። መካኒኩ "ለኛ ሀገር አያስፈልግም፣ ያሞቃል" ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። አዲስ አበባ እኮ ጠዋት ብርድ ናት! ናፍጣ ሞተር ሳይሞቅ ሲሰራ በትክክል አያቃጥልም፣ ነጭ ጭስ ያጨሳል፣ ሲሊንደሩንም ይበላዋል። ካሞቀ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልግ፦ ራዲያቶሩ ተደፍኗል፣ ወይ ቬንትሌተሩ ራቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ወይ ዙሪያውን የሚሸፍነው ፕላስቲክ አልገባም በሚል ተጥሏል። ወይ ደግሞ የራዲያቶር ክዳን ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሞተሩ ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው የሚሰራው፣ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጥሩ ክዳን ከ110 በላይ ያደርስልሃል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ይዘህ ቴስታታውን አታማርር።

የነዳጅ ታንኩን በሚመለከት እኔ አሳጥቤ አምልጫለሁ ጓደኛዬ ግን አላመለጠም። ታንኩ ሳይወርድና ሳይታጠብ ናፍጣ ሞላበት፣ ለዓመታት ግድግዳው ላይ የተጋገረውን ዝገትና ሙጫ ናፍጣው አጠበው፣ ፊልትሮ በየሳምንቱ። የመመለሻ መስመሩም ይታሰብበት፣ ናፍጣ ፖምፓ ተርፎት የሚመልሰው ብዙ ነው፣ የቤንዚኑ ቀጭን መመለሻ ከታፈነ ችግር ነው። ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ግጠም፣ ከስሩ ያለችውን ብሎን በየጊዜው ፈታ አድርገህ አፍስስ። የቤንዚኑ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ካለ ይውጣ፣ አያስፈልግም።

አንዳንዱ ደግሞ ከአባዱላ ሚኒባስ የወጣ ኬዲ የሚባለውን በኮምፒውተር የሚሰራ ናፍጣ ሞተር ረከሰልኝ ብሎ ይመጣል። ጠንካራ ሞተር ነው፣ ግን ኮምፒውተሩን፣ ሙሉ ገመዱን፣ የነዳጅ ፔዳሉን፣ ቁልፉ የሚታወቅ ከሆነ ቁልፉን ጭምር ካልያዝክ ብረት ነው የገዛኸው። ኢንጀክተሮቹም ቆሻሻ ናፍጣ አይወዱም። ኤሌክትሪሻን ወንድም ከሌለህ አትሞክረው።

ትናንሽ ነገሮች፦ አርፒኤሙ ይሞታል፣ ምልክቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ሞተር የካንዴላ እሳት መስመር ነበርና። ፖምፓው ላይ ናፍጣውን የምትዘጋ በኤሌክትሪክ የምትሰራ ቫልቭ አለች፣ ሽቦዋ በቁልፉ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ የኔ ቀጥታ ከባትሪ ተያይዞ ቁልፉን ነቅዬ ወርጄ በሩን ቆልፌ ሞተሩ እየሰራ ነው፣ ካዛንቺስ ካፌ በር ላይ፣ አስተናጋጁ "ጋሼ መኪናው አልጠፋም" ሲለኝ ምን ልበለው፣ ተመልሼ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ለቅቄ አንቄ አጠፋሁት።

ወረቀቱን ደግሞ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው፣ እኔም። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥርም የነዳጅ ዓይነትም ተጽፏል። ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት የሞተሩን ቁጥር ብረቱ ላይ በአይንህ እይ፣ የተፋቀ ወይ እንደገና የተመታ ከመሰለህ በነፃ ቢሰጡህ አትውሰድ። ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጠይቅ፣ ሻጩ "እሱን በኋላ" ካለ በኋላ የሚባል ነገር የለም። መኪናህ የተመዘገበችበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ለሞተር ቅየራ ምን ምን እንደሚፈልጉ ቀድመህ ጠይቅ፣ ከዚያ ስራ ጀምር። እኔ ስራው ካለቀ በኋላ ሄጄ ከአምስቱ ወር አንዱን ወረቀት ፍለጋ ነው የጨረስኩት፣ ቦሎ ምርመራ ላይ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሳይገጥም ቀርቶ፣ መኪናዋም እየሰራች ግቢ ቆማ።

አንድ ቀረችኝ፣ የነዳጅ ክዳኑ ላይ በትልቁ በቀይ "ናፍጣ" ብለህ ጻፍ። ቀጂዎቹ ይቺን መኪና ለዓመታት በቤንዚን ነው የሚያውቋት፣ አንዴ ስልክ እያወራሁ ሀያ ሊትር ቤንዚን ገብቶላት ነበር፣ ደግነቱ ቁልፉን ሳላዞር አየሁት። ፖምፓው ውስጡን የሚያለሰልሰው ያው የሚያልፍበት ናፍጣ ነው፣ በቤንዚን ደርቆ ነው የሚፋተገው። ገፍተን ከዳር አቁመን ታንኩን አፈሰስነው፣ ቤንዚኑን ጎረቤቴ በሁለት ጀሪካን ለቪትዙ ወሰደው፣ እስካሁን ሲያየኝ መቼ ነው ደግሞ የምትሳሳተው ይለኛል።