የጂኦተርማል ሃይድሮጂን ቦታ ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ያለማቋረጥ 10 ሜጋዋት የተጣራ ኃይል የሚሰጥ የጂኦተርማል (በከርሰ ምድር ሙቀት የሚሠራ) ጣቢያ አለ እንበል። በገበያ ላይ ያሉት የተለመዱ ኤሌክትሮላይዘሮች (በኤሌክትሪክ ውኃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን የሚከፍሉ ማሽኖች) አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። በቀን 4.5 ቶን ገደማ ይገኛል ማለት ነው። ቀጥሎ ያሉትን ስህተቶች በዚሁ ሚዛን እንያቸው።

ፋብሪካው የግድ ጉድጓዱ አጠገብ ይሁን ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። እንፋሎትን ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች አርቆ መውሰድ ግፊትም ሙቀትም ያሳጣል፤ ኤሌክትሪክ ግን በሽቦ ይሄዳል። ሃይድሮጂን ደግሞ አስቸጋሪ ጭነት ነው። በ200 ባር ታምቆ ሲጫን አንድ ከባድ ተሳቢ የሚይዘው ከ300 እስከ 400 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ 4.5 ቶኑን ለማንሳት በየቀኑ ከ12 እስከ 15 ጉዞ ያስፈልጋል። የተሳቢው ነዳጅ የሚቃጠለው በአብዛኛው የጋዝ መያዣውን ብረት ለማመላለስ ነው። ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋት በፊት ገዢው ማን እንደሆነና የት እንዳለ ይታወቅ። ገዢው የማዳበሪያ ፋብሪካ ከሆነ 4.5 ቶን ሃይድሮጂን 25 ቶን ያህል አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን ለመንገድ ይመቻል። ጉድጓዱ ሥር መትከል የሚያዋጣው ሽቦ የማያደርሰው ነገር ሲፈለግ ነው፤ ሙቀቱ ወይም ጋዙ። አንድ ቶን ዩሪያ 0.73 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ከጂኦተርማል እንፋሎት ጋር የሚወጣው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ እሱው ነው።

ፍል ውኃ ያለበትን ቦታ ምንጩ ነው ብሎ መቆፈር

ፍል ውኃ ከሙቀቱ ማዕከል ርቆ፣ ስንጥቅ ተከትሎ ሊወጣ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ያለው የአሉቶ ላንጋኖ የጂኦተርማል መስክ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተቆፈሩት 8 ጥልቅ ጉድጓዶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በተራራው ደቡባዊና ምዕራባዊ ጎን ተሞክረው ምርት አልሰጡም። ሦስተኛው ተራራው ላይ ሲቆፈር ግን ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆነ። ከፍታም ያሳስታል፤ 2,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የ93 ዲግሪ ጭስ አነስተኛ መስሎት የሚያልፍ አይጠፋም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የውኃና የጋዝ ኬሚስትሪ (የታችኛውን ሙቀት የሚጠቁሙት ሲሊካና የሶዲየምና ፖታሲየም ጥምርታ)፣ ቀጥሎ የማግኔቶቴሉሪክ ቅኝት (የከርሰ ምድሩን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ከላይ ሆኖ መለካት)፣ ከዚያ የሙከራ ጉድጓዶች። ኤሌክትሮላይዘር የሚታዘዘው ጉድጓዶቹ ለወራት ፈስሰው ግፊታቸው እንዴት እንደሚወርድ ከታየ በኋላ ነው፤ በጥናት ወረቀት ላይ ባለ ሜጋዋት አይደለም።

እንፋሎቱን እንዳለ ወደ ማሽኑ ማስገባት

ከ700 ዲግሪ በላይ የሚሠሩት ጠጣር ኦክሳይድ ኤሌክትሮላይዘሮች እንፋሎት ስለሚቀበሉ ለጂኦተርማል የተፈጠሩ ይመስላሉ። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ውኃውን ለማትነን የሚጠፋውን፣ በኪሎ ሃይድሮጂን 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፣ ያድናሉ። ነገር ግን የጉድጓዱ እንፋሎት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ (ድኝ ያለበት መርዛማ ጋዝ) እና ሲሊካ ይዞ ይመጣል። ድኝ የኒኬሉን ኤሌክትሮድ ይመርዛል፤ ሲሊካ ደግሞ ይጋገራል። መንገዱ በሙቀት መለዋወጫ ንጹህ ውኃን ማፍላት ነው፤ የመለዋወጫው ወጪና የሚጠፋው ሙቀት በስሌቱ ውስጥ ይግባ።

ሐይቅ ስለሚታይ ውኃ አለ ማለት

በኬሚስትሪው ሂሳብ ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን የሚበቃው 9 ሊትር ነው። ማጣሪያው የሚጥለውና ማቀዝቀዣው የሚያተነው ሲታከል ከ20 እስከ 30 ሊትር ይደርሳል፤ ለ4.5 ቶን በቀን ከ90 እስከ 135 ሜትር ኩብ ማለት ነው። አብያታና ሻላ የሶዳ ሐይቆች ናቸው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል። ኤሌክትሮላይዘሩ የሚፈልገው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሴንቲ ሜትር ከ1 ማይክሮሲመንስ በታች የሆነ ውኃ ነው፤ ስለዚህ የማጣሪያው ዓይነትና የሚጥለው ዝቃጭ የት እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ይወሰን። የተርባይኑ ኮንደንሰር ውኃ (ተርባይኑን ያዞረው እንፋሎት ቀዝቅዞ የሚሆነው) ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ቦሮን፣ አሞኒያና የሟሟ ሰልፋይድ ግን መወገድ አለባቸው። አፋር ውስጥ ባለው የተንዳሆ የጂኦተርማል መስክ አዋሽ ቅርብ ነው ቢባልም ወንዙን ቀድመው የሚጠጡት እርሻዎች እንዳሉ ይታወስ።

ነፋሱን አለመለካት

ሃይድሮጂን ሰልፋይድ መዳብና ብርን ያጠቁራል፤ ይበላልም። የኤሌክትሮላይዘር ሬክቲፋየር (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው መሣሪያ) ደግሞ በመዳብ የተሞላ ነው። ቢያንስ የአንድ ዓመት የነፋስ አቅጣጫ ይመዝገብና ሬክቲፋየሩ ጋዙ ከሚነፍስበት ይራቅ፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉም አየር በከሰል ማጣሪያ ገብቶ ከውጭው ትንሽ ከፍ ባለ ግፊት ይያዝ። የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የግድ ነው፤ ጋዙ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 100 ሲደርስ አፍንጫ ማሽተት ያቆማል።

በፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የተከታተሉት የመሬት መንቀጥቀጦች ሌላ ነገር ያስታውሳሉ፦ ሙቀቱን የሚያመጣውም መሬቱን የሚያናውጠውም ያው ማግማ (ከመሬት በታች ያለ ቅልጥ ዓለት) ነው። ቧንቧው ስንጥቅ ሲያቋርጥ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ይኑረው፤ የሃይድሮጂን ማጠራቀሚያውም ስንጥቁ ላይ አይቀመጥ።

ባዶ መሬት ነው ብሎ መፈረም

በአንዳንድ የአፋር አካባቢዎች አርብቶ አደሮች በእንፋሎቱ መውጫ ላይ ድንጋይ ከምረው እንፋሎቱን ወደ ውኃ እየለወጡ ይጠጣሉ፤ ከብት ያጠጣሉ። ቁፋሮ የጭሱን ግፊት ሊቀንስ ወይም አቅጣጫውን ሊቀይር ይችላል። ከመጀመሪያው ጉድጓድ በፊት እያንዳንዱ መውጫ በበጋም በክረምትም ተለክቶ፣ በቀን ስንት ሊትር እንደሚሰጥና ማን እንደሚጠቀምበት ይመዝገብ። ምትክ ውኃውም ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ሳይሆን ቁፋሮው ሲጀመር ይድረስ።