በብርድ አገር ዳቦ ስንጋግር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ማለዳ የቧንቧው ውሃ ጣት ያደነዝዛል። ብርዱን አስቀድሜ ያነሣሁት ከስልክ ላይ ወይም ከቆላ ዘመድ የተወሰደ የዳቦ አሠራር እዚህ ሲሞከር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ቤት ውስጥ መጋገር ያዋጣል። አንድ ኪሎ ዱቄት በ650 ሚሊ ሊትር ውሃ ቦክቶ ሲጋገር፣ በእሳቱ የሚተነው ተቀንሶ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ዳቦ ይወጣዋል። ለአምስትና ስድስት ቤተሰብ ቁርስና መክሰስ ይሆናል። የሚያዋጣው ግን ከተበላ ነው። ድንጋይ ሆኖ ለዶሮ የተበተነ ዳቦ ከዳቦ ቤት ከሚገዛው ይልቅ ውድ ነው። እኔ ለዶሮ ብዙ በትኛለሁ።

ሊጥን በሰዓት መጠበቅ

ብዙውን ዳቦ የሚገድለው ይህ ነው። እህቴ የምትኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ጣርማበርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ የሚደረስባት ይህች ከተማ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሞቃት ናት። የእህቴ ሊጥ በአንድ ሰዓት ኩፍ ይላል። እኔም በስልክ የነገረችኝን አምኜ፣ በነሐሴ ብርድ አንድ ሰዓት ብቻ ጠብቄ ለቡሄ ሙልሙል ጋገርሁ። ሊጨፍሩ የመጡት ልጆች ሙልሙሉን ተቀብለው እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ።

መታየት ያለበት ሊጡ ነው። እጥፍ ሆኖ ሲነሣ በጣት ጫን ይደረጋል። ጉድጓዱ ወዲያው ተመልሶ ከሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎበታል። በክረምት እኔ ቤት ይህ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ለማፋጠን በለብታ ውሃ ማቡካትና ቡሃቃውን ከድኖ በብርድ ልብስ መጠቅለል ይበቃል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለሰው ብቻ አልተሠራም።

ሰዎች ብርዱን ፈርተው የሚያደርጉት ተቃራኒ ስህተትም አለ፤ የፈላ ውሃ ይጨምራሉ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል። ጣት የማይታገሠውን ውሃ እርሾም አይታገሠውም። ሊጡን ምድጃ ጥግ አስቀምጦ መርሳትም አደገኛ ነው። በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው አረፋ በቀላሉ ያብጣል። ሙቀት ሲጨመርበት ያለልክ ይነሣና ምጣድ ላይ ሲደርስ ሙሽሽ ይላል።

እርሾ ማብዛት

ሌላው የብርድ መድኃኒት ተብሎ የሚደረገው ሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ መጨመር ነው። ዳቦው እርሾ እርሾ ይሸታል፣ ገንዘቡም ይባክናል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 10 ግራም ይበቃል። ማታ አቡክቶ ጠዋት ለሚጋግር ሰው ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ግራም ብቻ ጨምሮ ቀሪውን ለሌሊቱ መተው ይሻላል።

ከዚህም የሚረክሰው የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ከሊጡ ጭብጥ የምታህለውን ለሚቀጥለው ማስቀረት። በዚህ እርሾ ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ትንሽ ይኮመጥጣል። ያ ኮምጣጤነት ደግሞ በስንዴው ገለፈት ውስጥ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር እያፈረሰ ሰውነት እንዲያገኛቸው ይረዳል። ምንም ወጪ የለውም፤ በሽሮ ጣሳ ውስጥ ያድራል።

ስለ ስኳር አንድ ነገር ብቻ፤ እርሾ ስኳር አይለምንም፣ ዱቄቱ ይበቃዋል።

ፍሩሽካውን ለላም፣ ነጩን ለልጅ

የራሱን ስንዴ ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስፈጨ ሰው፣ ዱቄቱን በቀጭን ወንፊት ነፍቶ ፍሩሽካውን ለላም ሲሰጥ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለሆድ የሚበጀው ቃጫ፣ ቫይታሚን ቢና ብረት በብዛት ያሉት እዚያው ላይ ነው። ላሟ ከልጆቹ የተሻለ በላች ማለት ነው። ሻካራውን ብቻ አውጥቶ ሌላውን መተው ይቻላል።

ነገር ግን ያልተነፋ ዱቄት በፉርኖ ዱቄት ልክ ውሃ ከተሰጠው ዳቦው ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ገለፈቱ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ 700 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ዱቄቱን ከውሃው ጋር ብቻ ለውሶ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ፣ ከዚያ እርሾና ጨው ጨምሮ ማሸት ነው። ሲያርፍ ግማሹን የማሸት ሥራ ራሱ ይሠራዋል፤ ክንድ ለደከመው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

የመንዝ ዘመድ ገብስ ሲልክ ደግሞ እኩል በእኩል መቀላቀል ያጓጓል፤ ስህተት ግን ነው። ገብስ የስንዴን ያህል የሚለጠጥ ሊጥ የለውም፤ ከሩብ በላይ ሲገባ ዳቦው በደንብ አይነሣም። ንጹሕ የገብስ ዳቦ በቅቤ እወዳለሁ፤ ግን ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ነው የምወደው።

ጨው

በእፍኝ መገመት ይቅር። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 20 ግራም ጣሪያው ነው፣ 15 ግራምም አያንስም። አዮዲን ያለው ይሁን።

ምጣዱን ከእንጀራ በኋላ ወዲያው መጠቀም

ሰው በሁለት ወገን ሲጨነቅ «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ነደደብኝ» ይላል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ግን የሚነደው ከታች ብቻ ነው፤ ስህተቱ የሚጀምረው ይህን ከመርሳት ነው። እንጀራ ጨርሶ በጋለው ምጣድ ላይ ሊጡን መገልበጥ ታቹን አሳርሮ ላዩን ጥሬ ያስቀራል።

ሐሳቡ ራሱ ግን ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይበላል፤ ሸክላው አንዴ የያዘውን ሙቀት መጠቀም ቆጣሪውን ያስታግሳል። እንጀራው እንዳለቀ ማጥፋት፣ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ኮባውን በእሳት ለብለብ አድርጎ ደርቦ ማንጠፍ፣ ሊጡን በላዩ አድርጎ በኮባ ማልበስና አክንባሎውን መክደን፤ ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት መጀመር ነው። ድፎው ከአራት ጣት ባይወፍር ይመረጣል፤ ታቹ ሲጠና ይገለበጣል። ኮባ ሲጠፋ የታተመበት ወረቀት የሚያነጥፉ አሉ፤ ቀለሙ ዳቦው ላይ ስለሚቀር አይሆንም።

ምድጃና የሙቀት መለኪያ ላላቸው ጥቂቶች፦ የዳቦው መሐል 96 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ የሚለው ምክር የባሕር ዳርቻ ሰው ምክር ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የዳቦው መሐል እዚያ አይደርስም፤ ሲጠብቁ ዳቦው ይደርቃል።

በትኩሱ መቁረጥ፣ በፍሪጅ ማስቀመጥ

ትኩስ ዳቦ ውስጡ ገና እየረጋ ነው፤ ሲቆረጥ ይለጠፋል። ልጆችን አንድ ሰዓት ማስታገሥ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ሲቆረጥላቸውም ከሻይ ጋር ባይሆን ጥሩ ነው፤ ሻይ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። ወተት ወይም አጥሚት ካለ እሱ ይቅደም።

ዳቦ በፍጥነት የሚደርቀው ደግሞ በፍሪጅ ዓይነት ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። የደብረ ብርሃን ኩሽና በኅዳር ራሱ ፍሪጅ ስለሆነ በጨርቅ ጠቅልሎ ሞሶብ ውስጥ ማኖር፣ የደረቀውን ውሃ ረጨት አድርጎ ተከድኖ በምጣድ ማሞቅ ያድሰዋል። በሦስተኛው ቀን የተረፈው በበርበሬና በቅቤ ፍርፍር ይሆናል። ዶሮዎቹ ዘንድሮ ተቀይመውኛል።