የአድዋ ዘመን ጋሻና ጠመንጃ ለእይታ እንዴት ይዘጋጃል?

የጦር ታሪክ ትርኢት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው፤ የተገኘው ዕቃ ሁሉ መስታወት ውስጥ ይደረደራል። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይምረጡ፤ ለምሳሌ «በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው ሠራዊት ምን ታጥቆ ነበር?» የሚል። ለዚህ የማይመልስ ዕቃ፣ ቢያምርም፣ መጋዘን ይቆይ።

ቀጥሎ መዝገብ ነው፦ ቁጥር፣ ልክ፣ ፎቶ፣ ከማን እንደተገኘ፣ የቱ ጋ እንደተጎዳ። ጠመንጃ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ጥይት አለመጉረሱን ይይ። ቤተሰብ «አያታችን አድዋ የያዙት ነው» ካለ ቃሉን እንዳለ ይጻፉ፤ ከዚያ ማኅተሙን ይመልከቱ። ለምሳሌ ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ የፈረንሳዩ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል «ግራ» (Gras) ነው፤ በርሜሉ ላይ የተሠራበት ዓመት ይገኛል። ጦርነቱ ከተካሄደበት ከ1896 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የተሠራ ጠመንጃ አድዋ አልዋለም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጉት ይህ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ብረቱን በናይትሪል (ስስ የላስቲክ) ጓንት ይያዙ፤ የላብ ጨው ያዝገዋል።

የጋሻው ቆዳ ደረቀ ብለው ቅቤ ወይም ዘይት አይቀቡት፤ አቧራ ይይዛል፣ ውሎ አድሮም ይጣበቃል። በገዛ መያዣው አይስቀሉት፤ ከሥር በለሰለሰ ድጋፍ ይቁም። ለምድንና ጎፈርን ብል ይበላቸዋል። በላስቲክ አጥብቀው አሽገው በ-20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያቀዝቅዙ፤ ካወጡ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳይፈቱ ያቆዩ። ቶሎ ከተፈታ ጤዛው ዕቃው ላይ ያርፋል።

ዋናው ጠላት ግን ዕቃው የሚታይበት ሣጥን ነው። ከእንጨትና ከኮምፖርሳቶ ማጣበቂያ የሚወጣ የአሲድ ትነት የእርሳስ ጥይትን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል፤ ከሥር የሚነጠፍ ሱፍ የጋሻውን ብር ያጠቁራል። ስለዚህ ብረትና መስታወት ይሻላል። ጥርጣሬ ካለ ሣጥኑ ከተሠራበት ነገር ቁራጭ ወስደው ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ስስ ቅጠል ጋር፣ ጥቂት ውሃ ጨምረው፣ በታሸገ ብርጭቆ ውስጥ በ60 ዲግሪ 28 ቀን ያቆዩ። ከቅጠሎቹ አንዱ ከተበላሸ ሣጥኑን ከዚያ ነገር አይሥሩ።

ብርሃን ለጨርቅና ለለምድ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አይለፍ፤ አምፖሉም ሙቀቱ እንዳይገባ ከሣጥኑ ውጭ ይሁን።

መግለጫው ከ60 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። በቃል ብቻ የተገኘውን «እንደ ቤተሰቡ አባባል» ብለው ይለዩት። ከመታተሙ በፊት ለማያውቅ ሰው ያንብቡለት፤ «ውጅግራ ምንድን ነው?» ካለ እንደገና ይጻፉ።