አጭር ጉዞን ከመኪና ወደ ብስክሌት ማዛወር፦ ለአዲስ አበባ ነዋሪ

ልጆች የሚያመላልስ፣ ዕቃ የሚጭን ወይም ከከተማ ዳር የሚመጣ ሰው መኪናውን እርግፍ አድርጎ ይተው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በሳምንት ውስጥ ከምናደርጋቸው ጉዞዎች ከአምስት ኪሎ ሜትር የማይበልጡትን ለይቶ ለብስክሌት መስጠት ይቻላል፤ ጥቅሙም ከሁሉ በላይ የሚታየው በእነዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ በየኪሎ ሜትሩ የሚፈጀው ነዳጅ ከረጅሙ ጉዞ ይበልጣል፤ የጭስ ማጣሪያውም እስኪግል ድረስ ሥራውን በቅጡ ስለማይሠራ እግረኛው የሚተነፍሰው አየር ይበልጥ ይበከላል።

በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው አምስት ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ ይወስዳል። ጠዋትና ማታ፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 200 ደቂቃ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ ሥራ ደርሶ መመለሱ ብቻውን ይህን ያሟላል ማለት ነው። እኔ ግን ከጤናውም ከነዳጁም የማስቀድመው የመድረሻን ሰዓት ማወቅ መቻሉን ነው፤ የመንገድ መጨናነቅ ብስክሌተኛን እንደ ባለመኪና ስለማያግተው፣ ለልጅም ለአለቃም የሰጡትን ቀጠሮ ማክበር ይቀላል።

መንገድ ሲመርጡ ከርቀቱ በፊት ዳገቱን ይመልከቱ። ከተማዋ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ እያዘቀዘቀች ስለምትሄድ፣ ጠዋት ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድን ሰው ማታ ያው መንገድ ዳገት ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት መንገዶች ግን ባብዛኛው ይቀላሉ። አብዛኛው ክፍሏ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ትንፋሽዎ እስኪላመድ ድረስ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ይውጡ፤ ወርዶ መግፋትም ነውር የለውም። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራላቸውን ጎዳናዎች ያስቀድሙ፣ ቀለበት መንገዱን ይተዉት። የመረጡትን መስመር እሑድ ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ አንድ ጊዜ ቢሞክሩት መልካም ነው።

ለኮብልስቶንና ለተቦረቦረ አስፋልት ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ብስክሌት ይሻላል። የመቀመጫውን ከፍታ ለማስተካከል ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያሳርፉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ልክ ነው፣ ከታጠፈ ግን ጉልበትዎ ያለአግባብ ይለፋል። ከመውጣትዎ በፊት ጎማውን በጣትዎ ይጫኑ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች ይሞክሩ፣ ካቴናው መድረቁን አይተው ዘይት ይቀቡ። ለማታ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ሁልጊዜም ሄልሜት ያስፈልጋል። ካላማዳሪያ ቢፈነዳ ጎሚስታ በየሰፈሩ አለ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። በከተማችን ብስክሌተኛን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ የቆመ ሚኒባስ ነው። በሩ የሚከፈተው በቀኝ፣ በመንገዱ ጠርዝ በኩል ስለሆነ፣ በሚኒባሱና በእግረኛ መንገዱ መካከል ሾልኮ ለማለፍ የሚሞክር ሰው ከሚወርድ ተሳፋሪ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ከኋላው ይቁሙ፣ ወይም ዞር ብለው አይተውና እጅዎን ዘርግተው አሳይተው በግራ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቀው ይለፉ። የሚሄድ ሚኒባስም ቢሆን ዳር ላይ እጁን ያነሳ ሰው ካለ ድንገት ወደ ቀኝ እንደሚታጠፍ አስቀድመው ይገምቱ። እንዲሁም ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ገባ ብለው ይንዱ፤ ጥግ ይዞ የሚሄድ ሰው ከአሽከርካሪ ዓይን ይሰወራል፣ ጉድጓድ ሲያጋጥመውም መሸሻ የለውም።

በክረምት የመንገድ ቀለምና የብረት ክዳን ያንሸራትታሉ፤ ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ በላዩ አይሂዱ። ቸርኬውን የሚጨብጥ ፍሬን ሲረጥብ ወዲያው አይዝም፣ ስለሆነም ከወትሮው ቀድመው መያዝ ይጀምሩ። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ በኃይል መያዝ ስለሚገለብጥ ሁለቱንም በአንድነት፣ እያላሉ ይጠቀሙ። ዝናብ ኮትና ቅያሪ ሸሚዝ በቦርሳ ይያዙ።

መሥሪያ ቤት ሲደርሱ ብስክሌቱን ከማይነቀል ብረት ጋር ይቆልፉ፤ ሰንሰለቱ ጎማውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን አካል ጭምር ይያዝ። ማቆሚያ ከሌለ ለአስተዳደሩ ጥያቄ ያቅርቡ፤ አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ስምንት ያህል ብስክሌቶችን ስለሚይዝ፣ ጥያቄዎን ለመቀበል የሚከብድ አይሆንም።