የሞተ የሚመስል አሮጌ ላፕቶፕ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነው የምትማረው። አንድ ከሰዓት በፌስታል የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዛ ሽምብጥ ቤቴ ድረስ መጣች። ቲንክፓድ ቲ420 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጥግ ጥጉ የተፋቀ። «ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል አሉኝ። ለመለዋወጫ ከመሸጤ በፊት አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ።

ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ቦርድ፣ ደህና ነበር። የሞተው ቻርጀሩ ነው። ዛሬ አሳይመንቷን የምትሠራው በዚያው ላፕቶፕ ነው። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያገኝ ብር ያወጣል፤ ወይም ደህናውን ዕቃ በርካሽ ይሸጣል። እኔ መጀመሪያ ብር የማይጠይቀውን እሞክራለሁ፣ ቀጥዬ አጸዳለሁ፣ ግዢ የሚመጣው ከዚያ ነው። ምሳሌዬ ቲ420 ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ለወጡት ዴል ላቲቲውዶችና ኤችፒ ኤሊትቡኮችም አብዛኛው ይሠራል።

መሣሪያው ቀላል ነው። ትንሽ ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ያልተነከረ የቀለም ብሩሽ፣ ላጲስ፣ አልኮል፣ ከተገኘም ቴስተር (የቮልት መለኪያ)። ብሎኖቹን የእንቁላል ካርቶን ላይ በፈታችኋቸው ቅደም ተከተል ደርድሩ። ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካሰራችሁት ቦርዱን ሊወጋው ይችላል።

ጭራሹን አይነሳም፤ መብራትም የለውም

ባትሪውን አውጡ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ማስነሻውን ለ30 ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ። ቦርዱ ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ከዚያ ባትሪውን ሳትመልሱ በቻርጀር ብቻ ሞክሩ። ከተነሳ ችግሩ ባትሪው ላይ ነው፣ ወይም ያ የቀረው ኤሌክትሪክ ነበር።

ካልተነሳ ቻርጀሩን ጠርጥሩ። የቲ420 ቻርጀር 20 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ ባለ 65 ዋቱም ባለ 90 ዋቱም ይሆናል። በቴስተር ስትለኩ ገመዱን አንገቱ ጋ፣ ከጫፉ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ፣ ወዲያና ወዲህ እጠፉት። የልጅቷ ቻርጀር ሲቀና 20 ያሳይ ነበር፤ ሲታጠፍ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ላስቲኩ ስላልተነካ ከውጭ ምንም አይታይም። ቴስተር ከሌላችሁ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ፈልጉና ቻርጀሩን ለ5 ደቂቃ ተዋሱ። ይህ ሳይሞከር «ማዘርቦርድ» የሚል ቃል አትቀበሉ።

ቻርጀር ከሚገድሉ ነገሮች አንዱ እኛው ከተማ ውስጥ በየጊዜው የምናየው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ አንዳንዴ ዘሎ ይመጣል። ሲጠፋ ንቀሉ። ሲመጣም ትንሽ ጠብቃችሁ ሰኩ።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

መጀመሪያ ራሙን፣ ማለትም የላፕቶፑን ጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ። ዓመታት ሲያልፉ ወርቅማው ጥርሱ ቆሻሻ ይይዛል። ራሙን አውጥታችሁ ጥርሱን በላጲስ ቀስ ብላችሁ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጥረጉ፣ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ክተቱ። ቲ420 ሁለት የራም ቦታ አለው፤ አንዱ ከሥር ባለው ክዳን፣ ሌላው ኪቦርዱ ሥር። አንድ በአንድ እያደረጋችሁ ሞክሩ። የተበላሸው ራም ይሁን ቦታው በዚህ ይለያል።

አሁንም ጥቁር ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ስክሪኑን በጎን ተመልከቱ። ደብዛዛ ምስል ካያችሁ የጠፋው የኋላ መብራቱ ብቻ ነው። በኬብል ከሌላ ሞኒተር ወይም ከፕሮጀክተር ጋር ስታያይዙት ምስል ከመጣም ቦርዱ ደህና ነው፤ ችግሩ ስክሪኑ ወይም ገመዱ ነው።

ይሞቃል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ድርግም ይላል

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ባሕር ዳር ውስጥ በብዛት የማየው ችግር ይሄ ነው።

የዚህ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር (ዋናው ቺፕ) ራሱን ለማዳን የሚገታው 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ ጣታችሁ ሥር ያለው ነገር ከጀበናው ውሃ በላይ ይግላል ማለት ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩም ስስ ስለሆነ ሙቀት የማንሳት አቅሙ ትንሽ ይቀንሳል። ፋኑ ከተደፈነ ደግሞ ምንም አይተርፍም።

ስንከፍተው ምን እንዳገኘን ልንገራችሁ። በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል ግራጫ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። በፒንሳ ስስበው እንዳለ ተላጦ ወጣ። ብርሃን ላይ አድርገን ስናየው የብርድ ልብስ ጭረት፣ አቧራ፣ በመካከሉ ደግሞ የትንኝ ክንፎች ነበሩበት፤ እንደ ሴሎፎን የሚያበሩ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ። ልጅቷ የምታጠናው ማታ ነው፤ መስኮቱ ለሐይቁ ክፍት ነው። ትንኙ ወደ ስክሪኑ ብርሃን ይመጣል፣ ፋኑ ይስበዋል። ሐይቁ ዳር የምትኖሩ ሰዎች፣ የእናንተም ውስጡ እንዲህ ነው ብላችሁ ጠብቁ። አልጋ ላይ አድርጋችሁ የምትሠሩ ከሆነማ ይብሳል፤ የአየር መግቢያውን ራሱ ብርድ ልብሱ ይዘጋዋል።

ለመክፈት ባትሪውን አውጡ። ከሥር የኪቦርድ ምልክት ያለባቸውን ብሎኖች ፍቱ፣ ኪቦርዱን ወደ ስክሪኑ ገፋ አድርጉና ከፊት በኩል አንሱት። ገመዱን በጉልበት አትሳቡ። በዙሪያው ያለው ሽፋን ሲነሳ ፋኑ ይታያል። አምራቹ የየሞዴሉን የጥገና መመሪያ በነጻ ያወጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አውርዱት።

ወደ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። እኔ አልመክርም። ያ አየር ውሃና ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ግፊቱም ፋኑን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። ብሩሽ ይበቃል። የግድ ካስነፋችሁ ፋኑ እንዳይዞር በጣት ያዙት።

ከዚያ ፔስቱ፤ የቺፑን ሙቀት ወደ መዳቡ የሚያሻግረው ቅባት። የድሮው እንደ ኖራ ደርቆ ታገኙታላችሁ። በአልኮል ጠርጋችሁ አንሱ። ከፋርማሲ የሚገኘው ባለ 70 ፐርሰንት አልኮል ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። አዲሱ ፔስት አንድ የምስር ክክ ያህል፣ ቺፑ መሐል ላይ ብቻ። ብሎኖቹን በሰያፍ ተቃራኒ እያላችሁ በየተራ አጥብቁ። የሚንጫጫ ፋን ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ለጊዜው ያስታግሳል፤ የምግብ ዘይት ግን ይጋገራልና በፍጹም።

ይነሳል፣ ግን ይንቀራፈፋል

ለመነሳት 5 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ዋናው ተጠያቂ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ፎርማት ማድረግ ለሳምንት ያስደስታል፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። ዲስኩ በውስጡ መርፌ የመሰለ ክንድ አለው። ፋይል በፈለገ ቁጥር ክንዱ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። አንድ ዕቃ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ እሱን ግዙ። ባለ 240 ጊጋው ለተማሪ በቂ ነው።

ስትገዙ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ በሉ። አዲሶቹ ማስቲካ የሚመስሉት ቀጫጭኖች በዲስኩ ቦታ አይገቡም። የድሮውን ዲስክ በጎን የያዙትን ጎማዎች ለአዲሱ ስለምትፈልጓቸው አትጣሏቸው። ድሮው ዲስክ ላይ ፎቶና ጽሑፍ ካለ ዛሬውኑ ገልብጡ፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ አሁኑኑ።

ራም ቀጥሎ ይመጣል። 4 ጊጋ ካለው ሌላ 4 ጨምሩ። ዲዲአር 3 የላፕቶፕ ራም ነው የምትጠይቁት። ዲዲአር 4 ጥርሱ ስለማይገጥም አይገባም።

ቀጥሎ ሲስተሙ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ይህን ፕሮሰሰር አይቀበልም። እኛ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንን፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን። በ2 ጊጋ ራም ይነሳል፣ በ4 ይመቻል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ ደህና ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 12 ተጭናችሁ ፍላሹን ምረጡ። አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የተባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ኤም17ኤን ከሚባለው ተጨማሪው ጋር ጫኑ፤ አማርኛን ከዝርዝሩ ታገኙታላችሁ። ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው የእናቷን ስም ነበር።

ሰዓቱ ይጠፋበታል፤ ድረገጾች «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላሉ

ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብላችሁ ጥቅል አትግዙ። ሲነሳ 0271 የሚል ቁጥር ካሳየ የሰዓቱ ትንሿ ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ከዓመታት በፊት ከሆነ ብራውዘሩ የድረገጹን ፈቃድ አያምንም። ባትሪዋ ሲአር2032 ናት፤ በቲ420 ውስጥ ግን ሽቦና ሶኬት አላት። ሱቅ የምታገኟት ባዶዋን ነው። በቀጥታ ስታኞ አታቅልጡባት፤ ስትግል ልትፈነዳ ትችላለች። ሽቦ ያላትን ፈልጉ።

ዋይፋይ የለም

የዋይፋይ ካርዱን ልቀይር ብላችሁ ላፕቶፑ ሲነሳ 1802 የሚል የስህተት ቁጥር አሳይቶ ከቆመ ካርዱ አልተበላሸም። ላፕቶፑን የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም (ባዮሱ) ከማያውቀው ካርድ ጋር አይሠራም። ካርዱን አውጡና ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ሰኩ።

ባትሪው 10 ደቂቃ አይቆይም

ይህን መጨረሻ ግዙ። ላፕቶፑ ያለ ባትሪም በቻርጀር ይሠራል። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ «አዲስ» ባትሪም ያረጃል፤ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ስንት እንደሚይዝ ሳታዩ አትክፈሉ። ያበጠ ካለ አትውጉት፣ አትክፈቱት፣ ከላፕቶፑ አውጡና ከቤት ውጭ፣ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ።

ልጅቷ እስካሁን ባትሪ አልገዛችም። የምትጽፍበት ፕሮግራም፣ ሊብሬ ኦፊስ፣ በየ2 ደቂቃው እንዲያስቀምጥላት አስተካክለንላታል። ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ሲጠፋ የጠፋባት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።