ደን ለማዳን ሲታሰብ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ከብራዚል አማዞን ምን እንማር?

ብራዚል በ2004 በአንድ ዓመት ብቻ ከአማዞን ደኗ 27,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ አጣች። በ2012 ቁጥሩ ወደ 4,600 ወረደ። በ2021 ተመልሶ 13,000 ደረሰ። በ2024 ደግሞ ወደ 6,300 ዝቅ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አገሩ ያው ነው፣ ደኑም ያው፣ ሕዝቡም ያው። መጀመሪያ ላይ የአኩሪ አተርና የሥጋ ዋጋ መውረዱ እንዳገዘ አይካድም። ትልቁን ልዩነት ያመጣው ግን መንግሥት የሠራውና ሳይሠራ የተወው ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው «የደን ጭፍጨፋን ማስቆም አይቻልም፣ ሕዝብ እየበዛ ነው፣ ድህነት አለ» የሚለው ወሬ ስለሰለቸኝ ነው። ይቻላል። ተችሏልም። ደን የሚመነጠረው የተመነጠረው መሬት ገንዘብ ስለሚያወጣ ነው። ይህን የማይነካ ፖሊሲ የቱንም ያህል ቢያምር ዛፍ አያተርፍም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመርሳት ነው።

ስህተት 1፦ ሕግ ወጣ ማለት ደን ዳነ ማለት ይመስላል

የብራዚል የደን ሕግ ጠንካራ ነው። አማዞን ደን ውስጥ መሬት ያለው ሰው ከይዞታው 80 በመቶውን በደንነቱ እንዲያቆይ ከ1996 ጀምሮ ይገደዳል። ሕጉ እንዲህ እያለ ነው የ2004ቱ ጥፋት የመጣው።

ያኔ የነበረው ችግር መረጃው ዘግይቶ መድረሱ ነው። የአገሪቱ የሕዋ ምርምር ተቋም ኢንፔ ከ1988 ጀምሮ በሳተላይት የጠፋውን ደን በየዓመቱ ይለካል። ግን የዓመቱ ካርታ ሲወጣ ዛፉ ወድቋል፣ ተቃጥሏል፣ ሣር በቅሎበት ከብት ገብቶበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በ2004 ኢንፔ ዴቴር የሚባል ፈጣን የማንቂያ ሥርዓት ጀመረ። ጭፍጨፋው ሲጀመር ምልክቱ ኢባማ ለሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይደርሳል፣ ተቆጣጣሪዎቹ ቡልዶዘሩ ገና ከቦታው ሳይነሳ ይደርሱበታል፣ ማሽኑን ይወርሳሉ፣ ማውጣት ካልቻሉም እዚያው ያቃጥሉታል። አንድ ቡልዶዘር ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው ይህ ከሕግ አንቀጽ በላይ እንደሚያስፈራ ይገባዋል።

ያን ጊዜ የአካባቢ ሚኒስትሯ ማሪና ሲልቫ ነበረች። አክሬ በሚባለው የአማዞን ግዛት ከዛፍ የጎማ ፈሳሽ ከሚሰበስቡ ቤተሰቦች የተወለደች፣ በ1988 ከተገደለው የደን ተሟጋች ከሺኮ ሜንዴስ ጋር የታገለች ሴት ናት። ዕቅዱ ለአንድ ሚኒስቴር ብቻ አልተሰጠም። ግብርናው፣ ትራንስፖርቱ፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም ድርሻ ተሰጥቶት ማስተባበሩን የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ያዘ። አንዱ መሥሪያ ቤት ደን ሲጠብቅ ሌላው ለመመንጠሪያ ብድር ሲሰጥ ያየ ሰው ይህ ለምን እንዳስፈለገ ያውቃል።

ስህተት 2፦ በቅጣት ገንዘብ ላይ መንጠልጠል

ኢባማ የሚጽፋቸው ቅጣቶች በቁጥር ብዙ፣ በገንዘብም ከባድ ናቸው። አብዛኛው ግን አይሰበሰብም። ይግባኝ ይባላል፣ ዓመታት ይነጉዳሉ፣ ጊዜው ያልፍበታል። ቀጪውም ተቀጪውም ይህን ያውቁታል።

ታዲያ የሠራው ምንድን ነው? መሬቱን ራሱን ዋጋ ማሳጣት። ያለ ፈቃድ የተመነጠረው መሬት ይታገዳል፣ ከዚያ የወጣ ምርት መግዛትም ያስጠይቃል። በ2008 ደግሞ የአገሪቱ የፋይናንስ ምክር ቤት በአማዞን የእርሻ ብድር የሚፈልግ ሰው የይዞታና የአካባቢ ሕግ ማስረጃ እንዲያቀርብ አዘዘ። የከብት አርቢውን ልብ የነካው ይሄ ነው። ከዚያ በፊት በ2006 ትልልቆቹ የአኩሪ አተር ነጋዴዎች አዲስ ከተመነጠረ የአማዞን መሬት ላለመግዛት ተስማምተው ነበር።

በዚያው በ2008 መንግሥት ጭፍጨፋ የበዛባቸውን 36 ወረዳዎች ስም ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ወረዳ ቁጥጥር ይበዛበታል፣ ብድር ይጠብበታል፣ ገዢ ይሸሸዋል። ልብ በሉ፣ አንድ ጥፋተኛ ሲኖር ጎረቤቱም ይጎዳል። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። ያመጣውን ውጤት ግን ፓራጎሚናስን ማየት ነው። ፓራ ግዛት ውስጥ ያለች፣ በጣውላ የቆመች ወረዳ ናት። ዝርዝሩ ውስጥ ገባች። በ2008 መጨረሻ የተቆጡ ሰዎች የኢባማን ቢሮ አጠቁ፣ መኪኖች አቃጠሉ። ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። አላበቃም። የወረዳው አስተዳደር፣ ባለመሬቶቹና ነጋዴዎቹ ተቀምጠው ጭፍጨፋውን ራሳቸው ሊያቆሙ ተስማሙ። ከዝርዝሩ ለመውጣት የተቀመጠው መስፈርት ግልጽ ነበር፤ ከወረዳው የግል መሬት 80 በመቶው በካርታ ተመዝግቦ፣ የዓመቱ ምንጠራ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች መውረድ አለበት። ፓራጎሚናስ በ2010 ከዝርዝሩ የወጣች የመጀመሪያዋ ወረዳ ሆነች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ከቁጣዋ አትወጣም ነበር። መውጫ በር ነበራት፣ በሩም የት እንዳለ ታውቅ ነበር። ብዙ ፖሊሲዎች የሚጎድላቸው ይሄ ነው።

ስህተት 3፦ ድሃውን ገበሬ ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ

አማዞን ውስጥ የሞተር መጋዙን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ድሃ የቀን ሠራተኛ ነው። አንዳንዶቹ በዕዳ ታስረው እንደ ባሪያ የሚሠሩ ናቸው፣ ተቆጣጣሪዎች እያገኙ ነጻ አውጥተዋቸዋል። ነዳጁን፣ ማሽኑንና ዘሩን የሚከፍለው ሰው ግን ሩቅ ከተማ ነው ያለው። የሚመነጠረው መሬት አብዛኛው የከብት ግጦሽ ይሆናል። ከብቱም ሁልጊዜ ለሥጋ አይደለም፤ «መሬቱን እየሠራሁበት ነው» ለማለት ይቀመጣል። የሕዝብ ደን ይታጠራል፣ ይመነጠራል፣ ከብት ይገባበታል፣ ከዚያ ባለቤትነት ይጠየቅበታል፣ ይሸጣል። ትርፉ ያለው መሬቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ለማንም ያልተመደበ የሕዝብ ደን ትልቁ ክፍተት ነው። አማዞን ውስጥ እንዲህ ያለ ደን ከ50 ሚሊዮን ሄክታር በላይ አለ። ፓርክም አልተባለ፣ የነባር ሕዝብ መሬትም አልተባለ፣ የማኅበረሰብ ደንም አልተባለ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ደን ቀድሞ ለደረሰው ነው።

ስህተት 4፦ ምሕረት መስጠትና ቀኑን መግፋት

በ2012 የወጣው አዲሱ የብራዚል የደን ሕግ ከሐምሌ 2008 በፊት ለተፈጸመ ሕገወጥ ምንጠራ ሰፊ ምሕረት ሰጠ። በ2009 የሕዝብ መሬት ለያዙ ሰዎች የባለቤትነት ካርታ የሚሰጥ ሕግ ወጥቶ ነበር። በ2017 ሌላ ሕግ መጣና የቀን ገደቡን ወደፊት ገፋው። ከዚህ ደን መንጣሪው ምን ይማራል? «አሁን መንጥር፣ በኋላ ይቅር ይባልልሃል» የሚለውን። ከ2012 በኋላ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም። ግን የተስፋ ቃሉ በግልጽ ተሰጥቷል።

አንዴ ለሁሉ የሚሆን ምሕረት አንዳንድ ጊዜ ያስፈልግ ይሆናል። ሁለተኛው ምሕረት ግን የመጀመሪያውንም ሕግ ያፈርሰዋል።

ስህተት 5፦ አንዱን ቦታ ዘግቶ ጎረቤቱን መርሳት

በ2023 የአማዞን ምንጠራ ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ወረደ፣ ሁሉም ደስ አለው። በዚያው ዓመት ከጎኑ ያለው ሴራዶ የሚባለው ሰፊ የዛፍና የሣር ምድር ከ11,000 በላይ አጣ። ሴራዶ ላይ ባለመሬቱ እንዲያቆይ የሚገደደው በአብዛኛው 20 በመቶውን ብቻ ነው፣ የአኩሪ አተር ስምምነቱም እዚያ አይሠራም ነበር። የብዙዎቹ ትልልቅ የብራዚል ወንዞች ምንጭ ያለው ደግሞ እዚያው ነው።

ከብትም እንዲሁ ነው። ቄራዎቹ በቀጥታ የሚሸጥላቸውን እርባታ ይፈትሻሉ። ጥጃው ግን የተወለደው በታገደ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል። ወደ «ንጹሕ» እርባታ ይዛወራል፣ ይደልባል፣ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይታረዳል። ከብቱን ከልደቱ ጀምሮ የማይከተል ቁጥጥር ግማሽ ቁጥጥር ነው።

ስህተት 6፦ ደኑ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ማባረር

በሳተላይት ካርታ የብራዚልን ነባር ሕዝቦች መሬት ብታዩ ብዙ ቦታ ላይ ድንበሩ በዓይን ይታያል። ውስጡ አረንጓዴ፣ ዙሪያው የተራቆተ። ደኑን ያቆዩት እነሱ ናቸው። መንግሥት ሲተዋቸው ምን እንደሚመጣ ደግሞ ያኖማሚ በሚባሉት ነባር ሕዝቦች ላይ ታይቷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕገወጥ ወርቅ ቆፋሪዎች ገብተውባቸው፣ ወንዙ በሜርኩሪ ተመርዞ፣ ሕፃናት በረሃብና በወባ አልቀው፣ በጥር 2023 የጤና አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ።

እኛም አገር ይህ የሚታወቅ ነገር ነው። ቦንጋ አካባቢ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር መነሻው ይህ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ማር ይቁረጥ፣ ኮረሪማና ቡና ይልቀም፣ በምላሹ ደኑን ይጠብቅ። በ2018 የወጣው የደን አዋጅ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት አውቆታል። የሚያሳዝነኝ ሰው ጠብቆ ያቆየው ደን ለኢንቨስትመንት ሲፈለግ መብቱ የሚፈተንበት ሁኔታ መኖሩ ነው። የጠበቀ ሰው ካልተጠቀመ ነገ ለምን ይጠብቃል?

ስህተት 7፦ በችግኝ ማካካስ

ችግኝ መትከል ጥሩ ነው። ለተራቆተ ተራራ፣ ለተሸረሸረ ማሳ መድኃኒት ነው። ግን የከፋና የሸካን ጥቅጥቅ ደን ቆርጦ ሌላ ቦታ ችግኝ በመትከል ሒሳቡ አይዘጋም። እዚያ ደን ውስጥ የዱር ቡና ዘር አለ፣ የዓለም አረቢካ ቡና መነሻ ነው። ባሕር ዛፍ ያንን አይተካም።

ቡናው ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምርት ለመጨመር ተብሎ ሥሩ ሲመነጠር፣ ጥላው ሲሳሳ፣ ከላይ ሲታይ ደኑ አለ። ውስጡ ግን አዲስ የሚያድግ ዛፍ የለም። ይህ በ«ጠፋ» ቁጥር ውስጥ አይገባም። አማዞንም ላይ 2024 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ምንጠራው ወረደ፣ በከባድ ድርቅ የተነሳ ግን እሳት እጅግ ሰፊ ደን በላ። ምንጠራን ብቻ የሚቆጥር መንግሥት ግማሹን ጥፋት አያይም።

ስህተት 8፦ ቁጥሩን የሚናገረውን ሰው መምታት

በ2019 የኢንፔ ቁጥሮች መውጣት ሲጀምሩ ፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ መረጃው ውሸት ነው አለ። የኢንፔ ኃላፊ ሪካርዶ ጋልቫኦ ተሟገተ፣ ተባረረ። በዚያው ዓመት ኖርዌይና ጀርመን ገንዘብ የሚሰጡበት የአማዞን ፈንድ ቆመ። ከዚያ የሆነውን ከላይ ያየነው የ2021 ቁጥር ነገረን። አንድ የዳነ ነገር አለ፤ መረጃው በይፋ መውጣቱን አላቆመም፣ ማንም ሰው አውርዶ ሊያየው ይችል ነበር። በ2023 የደን ጥበቃው ሥራ እንደገና ሲጀመር ከዜሮ አልተነሳም።

ስህተት 9፦ ሥራውን ለውጭ ገዢ መተው

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው ሕግ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ መሬት የመጣ ቡና፣ ካካዎ፣ አኩሪ አተር፣ ሥጋና የመሳሰለውን ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ተራዝሟል። የእኛ ቡና ገበሬ የማሳውን መገኛ በጂፒኤስ ማስመዝገብ ይኖርበታል ማለት ነው። ጥሩ ግፊት ነው። ግን ገዢ አገር ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፣ ሌላ ገዢም አለ። ምዝገባውን ለአውሮፓ ብሎ የሚሠራ መንግሥትና ለራሱ ደን ብሎ የሚሠራ መንግሥት ውጤታቸው ይለያያል።

ስህተት 10፦ መንገዱን ማስቀደም

አማዞን ውስጥ ከተመነጠረው ደን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ከመንገድ ወይም ከወንዝ ዳር ብዙም ሳይርቅ ነው። ቢአር-163 የሚባለው አውራ ጎዳና ሊነጠፍ ሲታሰብ መንግሥት ዙሪያውን አዳዲስ ጥብቅ ቦታዎች አውጆ ነበር። ውሳኔውን ያፋጠነው በ2005 መነኩሲቷ ዶሮቲ ስታንግ ለድሃ ገበሬዎች መሬት ስትሟገት መገደሏ ነው። ከታወጁት መካከል ጃማንሺም የተባለው ብሔራዊ ደን ግን በጥበቃ ማነስ እስከ ዛሬ ክፉኛ ከሚመነጠሩት አንዱ ነው።

አሁን ክርክሩ የአማዞን ከተሞቹን ማናውስንና ፖርቶ ቬልዮን በሚያገናኘው ቢአር-319 በሚባለው መንገድ ላይ ነው። በ1976 ተከፍቶ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተበላሽቶ የቀረ መንገድ ነው። ይጠገን የሚሉት ሰዎች ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ማናውስ ከቀረው አገር ጋር በመኪና መገናኘት ትፈልጋለች። የሚያሰጋኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በመንገዱ ዙሪያ ያለው ያልተመደበ ደን ባለቤት ሳይበጅለት፣ ኬላዎቹ ሰው ሳይመደብላቸው፣ የነባሮቹ ሕዝቦች ፈቃድ ሳይጠየቅ አስፋልቱ ከቀደመ፣ ሳተላይቱ የሚያየውን ጥፋት የሚያቆም ሰው እዚያ አይኖርም።